ዋተር ፍሎሰር ለዕለት ተዕለት የጥርስ ጽዳት፦ የሚደማ ድድ ላላት እናቴ ይሆናል ወይ?

የእናቷ ልጅ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በሜሪላንድ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ለእናታችን ዋተር ፍሎሰር (ውኃ በግፊት እየረጨ የጥርስን መካከል የሚያጸዳ መሣሪያ) በሰው ልካለች፤ እናታችን መጠቀም ከመጀመሯ በፊት የሚያውቁ ሰዎችን ምክር መስማት ስለፈለግሁ ነው የምጽፈው። እናታችን ከስድሳ ዓመት በላይ የሆናት የስኳር ሕመምተኛ ናት። ከታች በቀኝ በኩል የወለቀ መንጋጋዋ በድልድይ (ከጎን ጥርሶች ጋር በተያያዘ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ተተክቷል፤ ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ አፏ ደስ የማይል ጠረን እንዳለው ራሷ እየነገረችኝ ትሳቀቃለች። የጥርስ ክር ገዝቼላት ነበር፤ ነገር ግን የጣቶቿ መገጣጠሚያዎች ስለሚያሟት ክሩን ጠምጥማ እስከ ኋላ ጥርሶቿ ማድረስ አልቻለችም። ስለዚህ ሥጋ በበላች ቁጥር የምትጠቀመው ስቴኪኒ ነው፤ እሱም ድዷን ይወጋታል።

ማወቅ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ይህ መሣሪያ ክርን ሙሉ በሙሉ ይተካል ወይ? የሚደማ ድድ ላይ ውኃ በግፊት መልቀቅስ ጉዳት አያመጣም ወይ? የተላከልን በሶኬት የሚሠራ፣ ትልቅ የውኃ መያዣ ያለውና ግፊቱ ከ1 እስከ 10 የሚስተካከል ነው።

ድድ ሐኪም (አዲስ አበባ)

እንደምን አሉ እህቴ። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ የማያቸው ታካሚዎች አብዛኞቹ የድድ ችግር ያለባቸው ስለሆኑ ጥያቄዎን በዝርዝር ልመልስ።

በመጀመሪያ ድዱ ለምን እንደሚደማ እንይ። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ በየቀኑ የሚጠራቀም፣ በባክቴሪያ የተሞላ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን አለ፤ ፕላክ እንለዋለን። አፍን በውኃ በመጉመጥመጥ ብቻ አይለቅም። ሳይነሳ ከቆየ ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ በትንሽ ንክኪም ይደማል፤ ሽፋኑ ራሱም ከምራቅ በሚያገኘው ካልሲየምና ፎስፌት እየጠነከረ በቀናት ውስጥ ታርታር ወደምንለው ድንጋይ መሰል ነገር ይለወጣል። ታርታርን ብሩሽም፣ ክርም፣ ዋተር ፍሎሰርም አያነሱትም፤ የሚነሳው ክሊኒክ ሄዶ ጥርስን በማሳጠብ ብቻ ነው። ስለዚህ እናትዎ ጥርሳቸውን ካሳጠቡ ከቆዩ፣ መሣሪያውን ከመጀመራቸው በፊት ወይም በጀመሩበት ሰሞን ቢያሳጥቡ ጥቅሙን በደንብ ያገኙታል። ድንጋዩ እንዳለ ከተጀመረ ግን ውኃው ሥራውን የሚሠራው በድንጋዩ ላይ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልምጣ። ብሩሽ የጥርስን የውጭ፣ የውስጥና የማኘኪያ ገጽ ያጸዳል፤ ሁለት ጥርሶች ጎን ለጎን የሚነካኩበት ቦታ ላይ ግን አይደርስም። ያንን ቦታ ለማጽዳት የጥርስ ክር፣ በጥርስ መካከል የሚገባው ቀጭን ብሩሽና ዋተር ፍሎሰር አሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ 3,929 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 35 ጥናቶች መርምሮ ነበር። ከብሩሽ በተጨማሪ ክር ወይም ቀጭን ብሩሽ መጠቀም ብሩሽን ብቻ ከመጠቀም ይልቅ የድድ መቆጣትን ሊቀንስ እንደሚችል፣ ውኃ የሚረጩ መሣሪያዎችም ቢያንስ በአጭር ጊዜ የድድ መቆጣትን ሊቀንሱ እንደሚችሉ ገልጿል፤ ፕላክን በመቀነስ ረገድ ግን የውኃ መሣሪያዎቹ ጥቅም በግልጽ አልታየም። ግምገማው ራሱ የማስረጃዎቹ ጥንካሬ ዝቅተኛ መሆኑን ይናገራል፤ አብዛኞቹ ጥናቶች አጫጭር ናቸውና።

ከዚህ ተነሥቼ የምሰጥዎ ምክር እንዲህ ነው። ክርን በትክክል መጠቀም ለሚችል ሰው ዋተር ፍሎሰር ተጨማሪ ነው። ክርን መጠቀም ለማይችል ሰው፣ ማለትም ጣቱ ለሚያመው፣ ድልድይ ወይም ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የተተከለ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ላለው፣ የጥርስ ሽቦ ለታሰረለት ሰው ግን በጣም ጥሩ መፍትሔ ነው፤ እናትዎ ከእነዚህ በሁለቱ ውስጥ ይገባሉ። ድልድይ ላይ ያለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ክር ከላይ ወደ ታች አይገባበትም፤ ከሥሩ ለማሳለፍ ልዩ ክር ይጠይቃል። ውኃው ግን በድልድዩ ሥር ያልፋል፤ የተጠራቀመውን ምግብ ሲያወጣው በዓይናቸው ያዩታል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ላይ፣ የሚደማ ድድ መሣሪያውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። ከዝቅተኛው ግፊት፣ ከ1 ወይም ከ2 ይጀምሩ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሥሩ የተጋለጠ ጥርስን ያንዘፈዝፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚተፉት ውኃ ሮዝ ሊሆን ይችላል፤ ፕላኩ እየተነሳ ሲሄድ መድማቱ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ 4 ወይም 5 ማሳደግ ይቻላል፤ እናትዎ ካመማቸው ግን ከፍ አያድርጉ። 10 ላይ መድረስ ግዴታ አይደለም።

አጠቃቀሙም ቀላል ነው። መጀመሪያ የመሣሪያውን ጫፍ አፍ ውስጥ ያስገቡ፣ ከዚያ ያብሩ፤ ሳያስገቡ ካበሩት መስታወቱንም ግድግዳውንም ይረጨዋል። በመታጠቢያው ሳህን ላይ ጎንበስ ብለው ከንፈራቸውን ገርበብ ያድርጉት፤ ውኃው በከንፈራቸው እየፈሰሰ ይውረድ እንጂ አፋቸው ውስጥ አይያዝ። ጫፉን ወደ ድዱ መስመር በ90 ዲግሪ አቅንተው፣ ከኋላ መንጋጋ ጀምረው የድዱን መስመር እየተከተሉ ይሂዱ፤ በየሁለት ጥርስ መካከል ጥቂት ቆም ይበሉ። ውጩን ሲጨርሱ በውስጥ በኩል ይድገሙት። ሁሉም ተደምሮ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ማታ፣ ከመተኛት በፊት ያድርጉት። እንቅልፍ ላይ ምራቅ ስለሚቀንስ በጥርስ መካከል የቀረው ሁሉ እስከ ጠዋት እዚያው ያድራል፤ የጠዋቱ ጠረንም ከዚሁ ጋር ይያያዛል።

አውሮራ ነዋሪ (ኮሎራዶ)

ሐኪሙ የተሟላ መልስ ሰጥተዋል፤ እኔ ስለ መሣሪያው አመጣጥ ልጨምር፤ የምኖረው ከተፈለሰፈበት ቦታ ብዙም ሳልርቅ ነው። ዋተር ፍሎሰር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1962 ከዴንቨር በስተሰሜን በምትገኘው ፎርት ኮሊንስ ከተማ ነው። ጄራልድ ሞየር የሚባል የጥርስ ሐኪም የታካሚዎቹን የድድ ችግር የሚያቃልል ዘዴ ሲፈልግ ከሃይድሮሊክ መሐንዲሱ ከጆን ማቲንግሊ ጋር ተባበረ፤ ዛሬ ዋተርፒክ በሚል ስም የምናውቀው መሣሪያ የዚያ ውጤት ነው። ብልሃቱ ያለው ውኃው በተከታታይ ሳይሆን እየተቆራረጠ በመውጣቱ ላይ ነው፤ በደቂቃ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይመታል፣ በሁለት ምት መካከል ድዱ ፋታ ስለሚያገኝ ፍርፋሪውና ፕላኩ ተጠርጎ ይወጣል። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚሁ አምራች መሣሪያዎች የይሁንታ ማኅተሙን ሰጥቷል።

ሐኪሙን አንድ ነገር ልጠይቅ። እዚህ በማስታወቂያ በሦስት ሴኮንድ ውስጥ 99.9 በመቶ ፕላክ እንደሚያነሳ ይነገራል። ይህን እንዴት ያዩታል?

ድድ ሐኪም (አዲስ አበባ)

ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ከታተመ የቤተ ሙከራ ጥናት የመጣ ነው። በጥናቱ ውኃው በመካከለኛ ግፊት ለሦስት ሴኮንድ የተለቀቀው ከአፍ ተነቅለው በወጡ ጥርሶች ላይ ሲሆን፣ 99.9 በመቶ የተባለውም ውኃው ካረፈበት ቦታ የተነሳው ነው። በአፍ ውስጥ ግን ምላስ አለ፣ ጉንጭ አለ፣ ጥርሶች ተጣበው ቆመዋል፣ የሚጠቀመውም ሰው እጁ ይደክማል። ስለዚህ ቁጥሩን ውኃ ፕላክን መንቀል እንደሚችል ማሳያ አድርጌ እወስደዋለሁ፤ ከማንኛችንም አፍ በሦስት ሴኮንድ ያን ያህል ይነሳል ብዬ ግን ለታካሚ አልናገርም። በዚህ መስክ ከተሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ በአምራቾች ድጋፍ የተሠሩ መሆናቸውንም ማስታወስ ያስፈልጋል።

ኤሌክትሪሻን (ቃሊቲ)

እህቴ፣ መሣሪያውን ሶኬት ላይ ከመሰካትዎ በፊት ይህን ያንብቡ። ከአሜሪካ የሚመጣ በሶኬት የሚሠራ ዋተር ፍሎሰር አብዛኛውን ጊዜ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርትዝ የተሠራ ነው፤ የእኛ አገር መብራት ደግሞ 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ነው። የሶኬት መቀየሪያ ገዝቶ መሰካት ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም፤ እንዲያ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ለጥገና የሚመጡልኝ የተቃጠሉ የጸጉር ማድረቂያዎችና የጥርስ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከዘመድ የተላኩ ናቸው፤ የላከውም የተላከለትም ሰው ሲያዝን ማየት ያሳዝነኛል።

መሣሪያውን ገልብጠው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። "100-240" የሚል ካለ ያለ ችግር ይሠራል። "120" ብቻ ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ የትራንስፎርመሩ ዋት ከመሣሪያው ዋት በደንብ ከፍ ያለ ይሁን። ገና ያልገዛችሁ ግን በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረገውን ብትመርጡ ይሻላል፤ የቮልት ጣጣ የለበትም፣ መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ጉዳቱ የውኃ መያዣው ትንሽ መሆኑ ነው፤ አንድ ዙር ሳይጨርሱ እንደገና መሙላት ሊያስፈልግ ይችላል።

የወይራ ጥላ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በጥሞና ነው ያነበብሁት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተጠቀምሁት መፋቂያ ነው። የወይራ ወይም የክትክታ ቀንበጥ ተቆርጦ፣ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ ጥርስን ከድድ ጀምሮ ያጠራዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን የመፋቂያን አጠቃቀም እንደሚያበረታታ አውቃለሁ። መፋቂያ በጥቂት ብር በየመንገዱ ይገኛል፤ ውኃም መብራትም አይፈልግም። እናታችሁም ምናልባት ልጅ ሆነው የጀመሩት እሱን ነው። አሁን ቮልት እየቆጠራችሁ ልታስቸግሯቸው ነው ወይ?

ድድ ሐኪም (አዲስ አበባ)

አባቴ፣ መፋቂያን የሚያቃልል ሐኪም የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 መፋቂያ በሚለመድባቸው አገሮች አጠቃቀሙ እንዲበረታታ መክሯል፤ በአግባቡ የሚፍቅ ሰው የጥርሱን የውጭ ገጽ ከብሩሽ ባልተናነሰ ሊያጸዳ ይችላል። የሚቀረው የውስጥ ገጽ፣ በተለይም በኋላ መንጋጋዎች መካከል ያለው ነው። መፋቂያ ቀጥ ያለ እንጨት ስለሆነ እዚያ መድረስ ይቸግረዋል። እንጨቱ ደረቅ ሲሆንና ወደ ጎን በኃይል ሲፋቅ ደግሞ ድድ ይሸሻል፣ የጥርስ አንገት ይበላል፤ ይህንን በብዙ አዛውንቶች አፍ ውስጥ አያለሁ። እርስዎ እንዳሉት እናትየዋ መፋቂያቸውን ቢወዱ፣ ትኩስና እርጥብ ሆኖ፣ ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ እየፋቁ ቢቀጥሉ ተቃውሞ የለኝም። በጥርሶቻቸው መካከልና በድልድያቸው ሥር ግን ሌላ ነገር ያስፈልጋቸዋል፤ የስኳር ሕመምተኛ ሲሆኑ ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ስኳር ከፍ ሲል ድድ ኢንፌክሽንን የመቋቋም አቅሙ ይቀንሳል፣ ሥር የሰደደ የድድ ኢንፌክሽን ደግሞ ስኳርን መቆጣጠር አስቸጋሪ ያደርጋል። አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል።

የወይራ ጥላ

ስለ ስኳሩ ያሉት ገብቶኛል፤ እኔም የስኳር ሕመም ያለበት ወንድም አለኝና ለእሱ እነግረዋለሁ። መፋቂያዬን ግን አልተውም።

ነታንያ (እስራኤል)

እንደምን ሰነበታችሁ። ልጄ የጥርስ ሽቦ ከታሰረላት ወዲህ ዋተር ፍሎሰር በየቀኑ ትጠቀማለች። ክር በሽቦው ሥር ለማሳለፍ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ከጥቂት ቀን በላይ አልታገሠችውም፤ ውኃውን ግን ወዳዋለች። ለሽቦ ተብሎ የሚሠራ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ብሩሽ ያለው ጫፍ አለ፤ በእያንዳንዱ ብራኬት (ሽቦውን ጥርስ ላይ በሚይዘው ትንሽ ማያያዣ) ዙሪያ ቆም እያሉ ሲጠቀሙበት ዳቦውም ብስኩቱም ተጠርጎ ይወጣል። ከእስራኤል ወደ አዲስ አበባ ለዘመድ መላክ ለምትፈልጉ ደግሞ የእኛ መብራት 230 ቮልትና 50 ኸርትዝ ስለሆነ እዚህ የተገዛው እዚያም ይሠራል።

ጥያቄ አለኝ። ልጄ መጀመሪያ ውኃውን ከዚያ ብሩሹን ነው የምታስቀድመው። ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል?

ድድ ሐኪም (አዲስ አበባ)

ልጅዎ ጥሩ እያደረገች ነው። ውኃው ቀድሞ የተጠራቀመውን ሲያወጣው የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ጥርሱን በቀጥታ ያገኘዋል። ከብሩሹ በኋላ አረፋውን ትትፋ እንጂ አፏን በብዙ ውኃ አትጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳልና።

የስምጥ ሸለቆ ልጅ (ወንጂ)

እኔ የተወለድሁትና ያደግሁት ወንጂ ነው፤ ጥርሴ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢያችን ልጆች ቡናማ ነው። ይህ መሣሪያ ቀለሙን ያስለቅቀዋል?

ድድ ሐኪም (አዲስ አበባ)

አያስለቅቀውም ወንድሜ፤ ላስጨብጥዎ የማልችለውን ተስፋ መስጠት አልፈልግም። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በላይ ነው፤ ቀለሙ የመጣው ጥርስዎ ገና በልጅነትዎ በድድ ውስጥ ሲሠራ ነው። በኢናሜሉ (በጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ውስጥ ያለ እንጂ ከላይ የተለጠፈ ቆሻሻ ስላልሆነ በማጠብ አይለቅም። እንደ ክብደቱ በክሊኒክ ሊታከም ይችላል። ድድዎን ንጹሕ ለማድረግ ግን መሣሪያው እንደማንኛውም ሰው ይጠቅምዎታል፤ ውኃው ስለሚተፋ የአካባቢዎ ውኃ መሆኑ አያሳስብዎ።

ልቤን ጠባቂ

እኔ በልጅነቴ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይዞኝ የልብ ቫልቬ በሰው ሠራሽ ተቀይሮልኛል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒትም እወስዳለሁ። ይህን መሣሪያ ልጠቀም እችላለሁ?

ድድ ሐኪም (አዲስ አበባ)

እርስዎ የልብ ሐኪምዎንና የጥርስ ሐኪምዎን ሳያማክሩ እንዳይጀምሩ። የሚደማ ድድ ሲነካ፣ በብሩሽም ይሁን በክር ወይም በውኃ፣ ባክቴሪያ ለአጭር ጊዜ ወደ ደም ሊገባ ይችላል፤ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላለው ሰው ይህ ቫልቩን ሊያመረቅዝ የሚችል ነገር ነው። ይህን ስል ግን አፍዎን ከማጽዳት ይቆጠቡ ማለቴ ፈጽሞ አይደለም። አደጋው የሚበዛው የተቆጣ ድድ ባለው ሰው ላይ ስለሆነ የእርስዎ አፍ ከሌላው ይበልጥ ንጹሕ መሆን አለበት። ጥርስ ሲያሳጥቡም ሆነ ሲያስነቅሉ አስቀድሞ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ያስፈልግዎታል፤ በአገራችን ሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ስለሆነ ይህንን ለሐኪሙ ሳይነግሩ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡ ታካሚዎች ሁልጊዜ ያስጨንቁኛል። የሚወስዱትን የደም ማቅጠኛ ስምም ይንገሩ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን እንዳያቋርጡት።

የእናቷ ልጅ (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሣሪያውን ገልብጬ ሳየው "120" ብቻ የሚል ስለነበረ ትራንስፎርመር ገዝተንለታል፤ ቃሊቲ ያሉት ወንድሜ ከብዙ ሐዘን አድነውናል። እናታችንም ጥርሷን አሳጥባ ማታ ማታ በ2 ግፊት መጠቀም ጀምራለች። መጀመሪያ ላይ ትን እያላት ታቆመው ነበር፤ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ገርበብ ማድረግ ከለመደች ወዲህ ግን ራሷ ታደርገዋለች። በመጀመሪያው ምሽት በድልድዩ ሥር የወጣውን የሥጋ ጭረት ስታይ ጠርታ አሳየችኝ። መድማቱ በግራ በኩል ቆሟል፣ ጠረኑም ቀንሷል ትላለች። በቀኝ በኩል ከድልድዩ በስተኋላ ባለው መንጋጋ ላይ ግን አሁንም ይደማል።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። የእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠቀመው በሮቶ የተጠራቀመውን ነው። ጉዳት ይኖረዋል? መሣሪያው ውስጥም ነጭ ነገር እየለጠፈበት ነው።

አውሮራ ነዋሪ (ኮሎራዶ)

ስለ ነጩ ነገር እኔ ልመልስ፤ ውኃው ውስጥ ያለ ካልሲየም ነው። በሞቀ ውኃ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምረው መሣሪያው ውስጥ ያሳልፉት፤ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ያሳልፉበት። በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ቢያደርጉት ጫፉ አይደፈንም። ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላ የተረፈውን ውኃ ደፍተው መያዣውን ክፍት አድርገው ያድርቁት፤ ውኃ ውስጡ ካደረ ሻጋታ ይይዛል። ጫፉ የየግል ይሁን፤ ብዙ ቤተሰብ አንድ መሣሪያ ሲጠቀም ጫፎቹ ባለ ቀለም ቀለበት ስላላቸው መለየት አይቸግርም።

ድድ ሐኪም (አዲስ አበባ)

የሮቶው ውኃ ለረጅም ጊዜ የቆመ ከሆነ ወይም ሮቶው ካልታጠበ፣ አፍልተው ለብ እስኪል ያቀዘቀዙትን ይጠቀሙ፤ ስኳር ላለባት ሴት ይህ ጥንቃቄ አይበዛም። ጨው ለመጨመር ከፈለጉ የመሣሪያውን መመሪያ ያንብቡ፤ የማይፈቅዱ አሉ፣ የሚፈቅዱትም ቢሆኑ ከጨው በኋላ በንጹሕ ውኃ መታጠብ አለባቸው።

የቀኙ መንጋጋ ጉዳይ ግን ቀጠሮ ይፈልጋል። ሌላው ድድ ሁሉ ሲድን አንድ ቦታ ብቻ መድማቱን ከቀጠለ፣ እዚያ ጥልቅ ኪስ (ድዱ ከጥርሱ ተላቆ የሚፈጠር ክፍተት) ሊኖር ይችላል። የተለመደው የዋተር ፍሎሰር ጫፍ ውኃውን የሚያደርሰው እስከ ኪሱ ግማሽ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ታርታር የሚደርስበት የሐኪም መሣሪያ ብቻ ነው። ሐኪሙ የሚሊሜትር ምልክት ባለው ቀጭን መለኪያ የኪሱን ጥልቀት ይለካል፤ 4 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ከሆነ ከሥሩ ማጽዳት ያስፈልጋል። የድልድዩን ጠርዝም ያሳዩ፤ ጠርዙ በደንብ ካልገጠመ ፕላክ ሁልጊዜ እዚያ ይጠራቀማል፣ እናትዎ የፈለገውን ያህል ቢታጠቡም መድማቱ አይቆምም። ራጅ ያስነሡ፣ የቅርብ ጊዜ የስኳር ምርመራ ውጤታቸውንም ይዘው ይሂዱ።

የእናቷ ልጅ (አዲስ አበባ)

ለሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ። የሦስት ወሩ የስኳር ውጤቷ ቤት ስላለ ይዤው እሄዳለሁ፤ የድልድዩን ጠርዝም በስም ጠርቼ እንዲያዩላት እጠይቃለሁ። ኪሱ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ሲነግሩን እዚሁ እጽፋለሁ።